ምንም ሳያመኝ ኩላሊቴ ሊሄድ ነበር (ድሬና ሐረር ሆናቹ ኩላሊት ለተቀየረላቹ)

ክሬቲኒንህ (ኩላሊት በደንብ እየሰራ መሆኑ በደም ሚታይበት ቁጥር፣ ሲጨምር መጥፎ ነው) 1.9 ገባ የተባልኩ ቀን እኔ ድሬ ታይዋን ገበያ ሱቄ ቁጭ ብዬ የስልክ ከቨር እየሸጥኩ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ምንም አላመመኝም፣ ሽንቴ እንደልቡ ይወርዳል፣ እግሬ አላበጠም፣ ትኩሳት የለ፣ ምግቡንም አቦ እንደ ጉድ ነው ምበላው። ከዛ በፊት ዳያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ እያለሁ መታመም ማለት ምን እንደሆነ ስለማውቅ ይሄ በሽታ ሊሆን አይችልም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ቢኬ ሚባል ቫይረስ ነበር፣ ስህተቴም የተቀየረልኝን ኩላሊት ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረውም ነበር፣ ለዛ ነው ይሄን ምጽፈው። ሐኪም አይደለሁም፣ የደረሰብኝንና ሐኪሞቼ ያስረዱኝን ነው ምነግራቹ፣ መድኃኒት መቀነስና መጨመር ግን የራሳቹ ሐኪም ስራ ነው፣ እኔን አይታቹ አንድ ፍሬ እንኳን እንዳትነኩ።

ኩላሊቱን የሰጠችኝ ታናሽ እህቴ ናት። አዲስ አበባ ነው የተሰራልኝ፣ ጥቅምት ላይ። (ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. ከመጀመሩ በፊት እኮ ሰው ለዚህ ህንድ ምናምን ነበር ሚሄደው፣ አሁንም ሚሄድ አለ።) የመጀመሪያዎቹን ሶስት ወራት አዲስ አበባ ቤት ተከራይቼ ከእናቴ ጋር ተቀመጥኩ፣ በየሳምንቱ ደም፣ በየወሩ ደግሞ ቢኬ ሚባል የቫይረስ ምርመራ። ያኔ ቢኬ ምን እንደሆነ ጠይቄም አላውቅ፣ ክንዴን ዘርግቼ መስጠት ብቻ ነው። ጥር መጨረሻ ላይ ወደ ድሬ ተመለስኩ፣ ክሬቲኒኔ 1.2፣ ሰፈር ሙሉ እልል አለ።

አራተኛውን ወር አዲስ አበባ ሄጄ ተመረመርኩ፣ አልተገኘም አሉ። አምስተኛው ወር ላይ ሱቅ ስራ ነበረው፣ ዝም አልኩ። ስድስተኛው ላይ ደግሞ ብሩን ሳስበው ደከመኝ፣ የትራንስፖርቱ፣ የማደሪያው፣ የፒሲአሩ (ቫይረሱን በደም ሚፈልገው ምርመራ) ዋጋ ራሱ ሚያስደነግጥ ነው፣ አራት ጊዜ "አልተገኘም" ለተባለ ነገር ምን አስኬደኝ አልኩ። ክሬቲኒንና ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) እዚሁ ድሬ እየተሰራልኝ ውጤቱን በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ፣ ያው ይበቃል መሰለኝ። አይበቃም! ክሬቲኒን ኩላሊቱ ከተጎዳ በኋላ ነው ሚናገረው፣ ቫይረሱ ግን ከሱ በፊት ሳምንታት ወይም ወራት ቀድሞ ደም ውስጥ ይታያል። የዛ ምርመራ ጥቅሙ እሱ ነው፣ ጉዳት ሳይመጣ መያዝ።

ግንቦት ገባ። የድሬን ግንቦት ለምታውቁት አልነግራቹም፣ ሌሊት እንኳ ፍራሽ ግቢ አውጥተህ ነው ምትተኛው። ክሬቲኒን 1.4 ሆነ። ያየልኝ ባለሙያ "ሙቀቱ ነው፣ ውሃ ጠጣ" አለኝ። እውነትም ውሃ ሲያንስ ክሬቲኒን ከፍ ይላል፣ ሰውየው አልዋሸም፣ እኔም ማመን ምፈልገው እሱን ነበር። አራት ሊትር ጠጣሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 1.7። ጎረቤቱ ሁሉ ውሃ ጠጣ፣ እናቴ ውሃ ጠጣ፣ የባጃጅ ሾፌሩ ሳይቀር ውሃ ጠጣ። ሆዴ የደቻቱን ወንዝ እስኪያክል ጠጣሁ። ከዛ ነው 1.9 የመጣው፣ ውጤቱን ለአዲስ አበባው ሐኪሜ ስልክለት ሰላምታ እንኳን የለም፣ "ነገ እዚህ ድረስ፣ ሻንጣህን ይዘህ ና" ብቻ።

በማግስቱ በአውሮፕላን ገባሁ። ደም ተወሰደ፣ ባዮፕሲ ተደረገ (ከኩላሊቱ በመርፌ ቅንጣት ወስዶ ማየት ነው፣ ብዙ አያምም፣ ከዛ በኋላ ለሰዓታት ሳትነሳ መተኛቱ ነው ሚያስጠላው)። የቢኬው ቁጥር 48,000 ኮፒ በሚሊ ሊትር ወጣ። ባዮፕሲውም ቢኬ ኩላሊቱን መብላት እንደጀመረ አሳየ።

እዚህ ጋ ትንሽ ላስረዳቹ፣ ምክንያቱም እኔ ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር አልዘልም ነበር። ቢኬ በ1971 እ.ኤ.አ. ኩላሊት ከተቀየረለት ሰው ሽንት ውስጥ ነው መጀመሪያ የተገኘው፣ ስሙም የዛ በሽተኛ የስም መነሻ ፊደላት ናቸው። አብዛኛው ሰው ልጅ እያለ ይያዘዋል፣ ሳያውቀው ያልፋል፣ ቫይረሱ ግን አይወጣም፣ ኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ጤነኛ ሰው ላይ ምንም አያደርግም። እኛ ግን የተሰጠንን ኩላሊት ሰውነታችን እንዳያጠቃው ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት እየወሰድን ዘበኛውን (የሰውነታችንን መከላከያ) አስተኝተነዋል፣ ዘበኛው ሲተኛ ደግሞ ቫይረሱ ይነቃል። መጀመሪያ ሽንት ላይ ይወጣል፣ ቀጥሎ ደም ላይ፣ መጨረሻ ላይ ኩላሊቱን ያቆስላል። ትኩሳት የለ፣ ህመም የለ። ሚመጣው ደግሞ በብዛት በመጀመሪያው ዓመት ነው፣ መድኃኒቱ ከባድ በሆነበት ጊዜ።

አሁን ደግሞ ዋናው ነገር። ክሬቲኒን ሲጨምር ሁለት ትልልቅ ጥርጣሬዎች አሉ። አንዱ ሪጀክሽን ነው፣ ሰውነት ኩላሊቱን እየተቃወመ ነው ማለት ነው፣ መፍትሄው መከላከያ አቅማችንን ሚቀንሰውን መድኃኒት መጨመር፣ ስቴሮይድ በደም ስር መስጠት ምናምን ነው። ሌላው ቢኬ ነው፣ የሱ መፍትሄ ደግሞ ተቃራኒው፣ መድኃኒቱን መቀነስ። አያቹት? በግምት አንዱን መርጠህ ከተሳሳትክ ኩላሊቱን በእጅህ ነው ምትገድለው። ለዚህ ነው እዚህ ሆናቹ "ያው ሪጀክሽን ይሆናል" ተብላቹ የስቴሮይድ መርፌ ልትወጉ ስትሉ የቢኬ ፒሲአር ተልኳል ወይ ብላቹ መጠየቅ ያለባቹ። በትህትና ጠይቁ ግን ጠይቁ።

ለቢኬ ይሄ ነው ሚባል የተረጋገጠ ማጥፊያ መድኃኒት የለውም። ማይኮፌኖሌቴን በግማሽ ቀነሱት፣ የታክሮሊመሱንም መጠን ዝቅ አደረጉ፣ ከዛ በየሁለት ሳምንቱ ምርመራ። የመጀመሪያው ቁጥር 61,000 ሆነ፣ ጨመረ! አልቅሻለሁ፣ አልደብቅም። ሐኪሙ ታገስ፣ ዘበኛው እስኪነቃ ጊዜ ይፈልጋል፣ ለዛውም ከ48 ወደ 61 ሺህ ጭማሪ አይባልም አለኝ። ለካ በዚህ ምርመራ ቁጥሩ ሶስት እጥፍ ያህል ካልተቀየረ እንደ ለውጥ አይቆጥሩትም፣ ማሽኑ ራሱ ያንን ያህል ይዋዥቃል። ከዛ 22,000፣ 6,000፣ ከአንድ ሺህ በታች፣ በአምስተኛው ወር "አልተገኘም"። ክሬቲኒኑ ግን 1.6 ላይ ቆመ። ወደ 1.2 አልተመለሰም፣ አይመለስምም ብለውኛል። የዘለልኳቸው ምርመራዎች ዋጋ ያቺ 0.4 ናት።

ለእህቴ መንገሩ ነው የከበደኝ። ስልክ ላይ ነገርኳት፣ ትንሽ ዝም አለችና "ታዲያ ቫይረሱን የሰጠሁህ እኔ ነኛ?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ፣ ለሐኪሙ ጠየኩት። ከኩላሊቷ ጋር አብሮ መጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም እንደዛ ነው፣ ግን ማንም ይስጥህ ማን ያው ነበር፣ አብዛኛው ሰው ተሸክሞት ነው ሚዞረው አለ። እሷ ላይ ምንም አያደርግም። ይሄን ስነግራት "እሺ፣ አንተ ግን ምርመራውን ለምን ዘለልክ?" አለች። መልስ አልነበረኝም። ከዛ ቀን ጀምሮ ቀጠሮዬን ከኔ በላይ ምትቆጥረው እሷ ናት።

እና ስንት ጊዜ ነው ምንመረመረው ለምትሉ፣ ኬዲጎ ሚባለው ዓለም አቀፉ የኩላሊት መመሪያ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ለመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት በየወሩ፣ ከዛ ዓመቱ እስኪሞላ በየ3 ወሩ ይላል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የባለሙያዎች ስምምነት ደግሞ አጥብቆታል፣ እስከ 9ኛ ወር በየወሩ፣ ከዛ ሁለት ዓመት እስኪሞላ በየ3 ወሩ። ከዛ ውጪ ክሬቲኒን ያለምክንያት ሲጨምር፣ እንዲሁም ለሪጀክሽን ከታከማቹ በኋላ። የናንተ ሐኪም የራሱ ፕሮግራም ይኖረዋል፣ እሱን ያዙ፣ ብቻ ፕሮግራሙን ወረቀት ላይ አስጽፉት።

ሁለተኛው ቫይረስ ሲኤምቪ ነው። እሱ በኔ አልደረሰም፣ ግን ተራ ስንጠብቅ የተዋወቅኳት የሐረር ልጅ ላይ ደርሷል፣ ፈቅዳልኝ ነው ምጽፈው። ሲኤምቪንም እኛ ሀገር አዋቂ ሆኖ ያልተጋለጠ ጥቂት ነው፣ ለዛ ከቀዶ ጥገናው በኋላ መከላከያ ይሰጡናል፣ ቫልጋንሳይክሎቪር ሚባል ውድ ኪኒን፣ ለብዙዎቻችን ለሶስት ወር። ሰጪው ቫይረሱ ኖሮበት ተቀባዩ ጨርሶ ካልተጋለጠ ደግሞ ስድስት ወር ነው፣ አደጋው ለሱ ይበዛል። ልጅቷ ኪኒኑ ሲያልቅባት ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞራ አጣች፣ ለሐኪሟ ሳትናገር ሶስት ሳምንት ቀድማ አቆመች። ወር ሳይሞላ ትኩሳት፣ ድካም፣ ተቅማጥ።

አሁን እኛ አካባቢ ትኩሳት ሲባል ምን እንደሚባል ታውቃላቹ። ድሬ በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንጊ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ችኩንጉንያ ከተማውን አልጋ ላይ ያስተኛበት ጊዜ አለ፣ ጉልበቱን ይዞ ሚያነክስ ሰው ከዚራም መጋላም ሞልቶ እንደነበር አስታውሳለሁ። ስለዚህ ትኩሳት ካለ ወይ ትንኝ ነው ወይ ወባ ነው፣ ካልሆነ "ታይፎይድ" ነው። ልጅቷንም ለታይፎይድ አከሟት፣ ቀጥሎ ለዴንጊ ፈሳሽ ሰጧት፣ አስር ቀን አለፈ። ነጭ የደም ሴሏ ወርዶ ሲያዩ ነው ወደ አዲስ አበባ የላኳት፣ ሲኤምቪ ሆኖ ተገኘ፣ ሁለት ሳምንት ተኝታ በደም ስር መድኃኒት ወስዳ ወጣች። አሁን ደህና ናት ተመስገን። ከሷ የተማርኩት፣ ትኩሳት ሲይዘኝ ወባውም ዴንጊውም ይታይ፣ ግን ካርዱ ላይ "ኩላሊት የተቀየረለት" ተብሎ እንዲጻፍ አደርጋለሁ፣ አዲስ አበባም ያንኑ ቀን እደውላለሁ። ለህመሙ ደግሞ ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በጭራሽ፣ ለኩላሊቱም ለዴንጊውም መጥፎ ነው።

ስለ ቫልጋንሳይክሎቪር ኪኒኑ ጥቂት ነገር ልጨምር፣ አይሰበርም አይፈጭም፣ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ የተሰበረውን በእጇ እንዳትነካ። ነጭ ሴልም ሊቀንስ ስለሚችል እየወሰዳቹ ሲቢሲ በየጊዜው አሰሩ። ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው መፈለግ ሚጀመረው፣ ሲያልቅ አይደለም።

ሌላው ድሬ ሆናቹ ምርመራውን እንዴት እንደምታደርጉት ነው። ሁሌ መሄድ ለማይችል ናሙና መላክ ይቻላል፣ ግን ሙቀታችን ጠላት ነው። ደሙ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቲዩብ ይቀዳል፣ እዚሁ ላቦራቶሪ ሳይቆይ በማሽን ተሽከርክሮ ፕላዝማው ይለያል፣ ከዛ በረዶ ባለው ሳጥን ይላካል። አንዴ የኔን የላከልኝ ቦታ ደሙን ሳይለየው ለከሰዓት ጉዞ ሰጠው፣ በረዶውም ቀልጦ ለብ ብሎ ደረሰ፣ አዲስ አበባ አንቀበልም ብለው ጣሉት፣ ብሩም ሳምንቱም ባዶ ቀረ። ከዛ በኋላ ጠዋት አስቀዳለሁ፣ ፕላዝማው ሲለይ ቆሜ አያለሁ (ሰዎቹ ይሰለቹኛል፣ ይሰልቹ)፣ የበረዶ ጥቅሉን ከቤት ይዤ ነው ምሄደው።

ላቦራቶሪም አትቀያይሩ። አንድ ሳምንት ውስጥ አንዱ ቦታ 9,000 ሌላው ቦታ 21,000 አሉኝና ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ሐኪሙ ሳቀብኝ፣ ሁለት ማሽን ሁለት ቋንቋ ነው ሚያወሩት፣ ከራሱ ከበፊቱ ጋር ብቻ አወዳድር አለ። መለኪያውንም እዩ፣ አንዳንዱ በኮፒ ሌላው በኢንተርናሽናል ዩኒት ነው ሚጽፈው፣ ቁጥሮቹን አንድ ላይ ማየት አይቻልም።

የታክሮሊመስ መጠን ሲለካ ደግሞ ጠዋት ኪኒኑን ሳትወስዱ ነው ደም ሚሰጠው፣ ማታ 2 ሰዓት ከወሰዳቹ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አስቀድታቹ ከዛ ትውጣላቹ። ኪኒኑን ውጣቹ ከመጣቹ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል፣ በውሸት ቁጥር መድኃኒት ይቀነስባቹሃል። ይሄ ከቫይረስ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉ፣ ታክሮሊመስ ሲበዛ ነው ቢኬም ሲኤምቪም ሚነቁት። ግሬፕፍሩት ያበዛዋል፣ ተቅማጥ ያበዛዋል፣ እንደ ክላሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ያሉ መድኃኒቶችም ያበዙታል፣ ፋርማሲ ስትገቡ ምን እንደምትወስዱ ሳትናገሩ ምንም አትግዙ።

በርጫውን (ሰብሰብ ብሎ ጫት መቃሙን) ትቻለሁ፣ ሐኪሙ ተው አለኝ። ጓደኞቼ መጀመሪያ ተቀየሙ፣ ግን አስቡት፣ በር ተዘግቶ አስር ሰው ጭስ ውስጥ ሆኖ አንዱ ሲያስል፣ ለነሱ ጉንፋን የሆነው ለኔ የሳንባ ምች ነው። አሁን እነሱ ናቸው ማታ ሱቅ በር ላይ ወንበር ሚያወጡት፣ ሆጃ እየጠጣን እናወራለን። የጎረቤት ልጅ ጉድፍ ይዞት ቤታችን ሲጫወት ውሎ ነበር አንዴ፣ እሱንም ሳይወጣብኝ ያኔውኑ ደውዬ ነገርኩ፣ ቀድሞ መከላከያ አለውና። አልማዝ ባለጭራ ሚባለውም የዛው የጉድፍ ቫይረስ ነው፣ ጎን ላይ እያቃጠለ ውሃ ሲቋጥር በቅባት አትጠብቁት፣ ለቫይረሱ ሚሰጠው ኪኒን በሶስት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው ሚሻለው። አንገት ላይ እብጠት፣ ያለምክንያት ክብደት መቀነስ ካለም አሳዩ፣ ኢቢቪ ሚባል ቫይረስ አልፎ አልፎ ወደ እጢ ይወስዳል። ክትባት ስትባሉ ደግሞ ሕያው ቫይረስ ያለበት ክትባት ለኛ አይሆንም፣ የቢጫ ወባና የኩፍኝ እንደዛ ናቸው። ለጉዞ ቢጫ ካርድ ከጠየቋቹ ከሐኪም ደብዳቤ ነው ምትይዙት፣ አየር መንገድ በር ላይ ልወጋ እንዳትሉ። ሄፓታይተስ ቢ ግን ይሰጣል፣ ዳያሊሲስ ላይ ያላቹ ከንቅለ ተከላው በፊት ጨርሱት፣ ያኔ የተሻለ ይይዛል።

እኔ አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ነው ያለኝ። ቀን፣ ክሬቲኒን፣ ታክሮሊመስ፣ ነጭ ሴል፣ ቢኬ፣ የተቀየረ መድኃኒት ካለ። ሰው ደብተሩን ሲያይ ይስቃል፣ የሱቅ ዱቤ ይመስላል። ግን ባለፈው አዲስ የገባ ሐኪም ፋይሌ ጠፍቶበት እሷን ደብተር አይቶ ነው ሙሉ ታሪኩን ያገኘው።

ሚቀጥለው ማክሰኞ ነው ምርመራዬ። ፍሪጁ ውስጥ የበረዶ ጥቅሎቹ ከእናቴ ስጋ ጎን ተደርድረዋል፣ ቦታ ያዝክብኝ እያለች ትቆጣለች፣ እህቴ ደግሞ ትናንት ማታ ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችው እኔን ሳይሆን በረዶው መጋገሩን ነው።